በመነጽር ቤተ ክርስቲያን መግባት

የእኔ ትምህርት ፊደል ቆጥሮ፣ ስም ጽፎ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ አንብቦ የቆመ ነው። ስለዚህ ከባሕር ማዶ ስለመጣ መሣሪያ ላወራችሁ ስነሣ የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አይደለም። የማያውቁትን እናውቃለን የሚሉትን ግን በቅርብ አይቻቸዋለሁ፤ የማወራውም ስለ እነሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በልጅ ልጄ በትርንጎ ሆድ ነው። ትርንጎ ጠዳ ላይ አስተማሪ ናት። ስታስተምር ድምጿ ከክፍሉ አልፎ መንገድ ዳር የቆመ ባጃጅ ነጂ ማባዛት ይማርበታል ይላሉ። ድምፁን ከእኔ ነው የወረሰችው። ወሯ ሲደርስ ግን ያቺ ድምፃም ልጅ እንደታጠበ ኩታ ትታጠፋለች። ጉልበቷን ታቅፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ትውላለች።

መጀመሪያ "ስታገቢ ይለቅሻል" አሏት። አገባች፤ አልለቀቃትም። ቀጥለው "ስትወልጂ ይለቅሻል" አሏት። ልጁ ቀረ፣ ሕመሙ አልቀረም። ነገ ደግሞ "ስታረጂ ይለቅሻል" ሊሏት ነው ብዬ፣ እኔን ሳረጅ ምን እንደለቀቀኝ አስቤ አየሁ። ከጥርሴ በቀር የለቀቀኝ የለም። የትምህርት ቤቷን ርዕሰ መምህር በየወሩ ፈቃድ ስትጠይቀው "የእኛም እናቶች ሴቶች ነበሩ እኮ" ይላት ነበር። አንድ ቀን ጠዳ ድረስ ሄድኩና "የኔ ልጅ፣ እናትህን አሟት እንደሆነ ጠይቀሃት ታውቃለህ?" አልኩት። ከዚያ ወዲያ ፈቃዱን ሳትጠይቀውም ይሰጣት ጀመር፤ እናቱን ይጠይቅ አይጠይቅ ግን አላውቅም።

በመጨረሻ ጎንደር ከተማ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ሕክምና ቤት ወሰድኳት። አንዲት ሴት ሐኪም መረመረቻትና የበሽታውን ስም ነገረችን። ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። እኔ ስሙን በአፌ ለማላመድ ከሕክምና ቤቱ እስከ ሰፈሬ እስከ ቀሐ ድረስ እያልኩት መጣሁ፤ መንገደኛው የምጸልይ መስሎት ዞር ይልልኝ ነበር። ሐኪሟ ስታስረዳን፣ የማሕፀንን ውስጥ የሚያለብሰውን የመሰለ ሥጋ ከማሕፀን ውጭ ይበቅላል፤ ወር በመጣ ቁጥር እሱም ያብጣል፣ ያቆስላል አለች። ትርንጎ ይህን ስትሰማ አለቀሰች።

"አይዞሽ፣ የሚገድል አይደለም" አለቻት ሐኪሟ።

"ለእሱ አይደለም ዶክተር። በሽታ መሆኑ ነው ያስለቀሰኝ" አለች ትርንጎ። "እኔ እስከ ዛሬ ሰነፍ የሆንኩ ነበር የሚመስለኝ።"

ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ተባለ። ቀዶ የሚያደርገው ሐኪም ግን አንድ፣ ክፍሉም አንድ ነው፤ ተራ መጠበቅ አለ። ከትርንጎ ቀድማ ተራ የያዘችው አንጓች የምትባል ሴት ናት። ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን መጥታ ቀበሌ አሥራ ምናምን የሚሉት ሰፈር ዘመድ ቤት ተጠግታለች። የእሷና የትርንጎ ወር ስለሚገጥም በሕመማቸው ቀን ሁልጊዜ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የምናገኛት። እኔ ደግሞ ተራ የማከብር ሰው ነኝ። ሰፈሬ ቦኖ ውሃ ላይ ሰልፍ የሚዘል ሰው እኔን ሲያይ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ኋላው ይመለሳል። እናም ተራችንን ይዘን ተቀመጥን።

መቀመጡ ለእኔ ቀላል ነው፤ ለትርንጎ አይደለም። ለሕመሙ የተሰጣት ክኒን ጨጓራዋን ይልጠዋል። እንዲህ ሆነን ሳለ ሐኪሟ አንድ ቀን "እስከ ቀዶው ድረስ ሕመሙን የሚያስታግስ አዲስ መሣሪያ መጥቷል" አለችን። ለሙከራ ነው አለች፤ ሴቶቹ ከተጠቀሙበት እዚሁ ይቀራል፣ ካልተጠቀሙበት ለሌላ ከተማ ይሰጣል።

መሣሪያው መነጽር ነው። መነጽር ይበሉት እንጂ የበቅሎ ዓይን መሸፈኛ ነው የሚመስለው። ጭንቅላት ላይ በጠፍር ይታሰራል፤ ሲታሰር የክፍሉ ግድግዳ ጠፍቶ ሌላ አገር ይመጣል። መሣሪያውን የያዙት ሁለት ጺማም ልጆች ናቸው። አለቃቸው ናሆም ይባላል፤ ትሑት ልጅ ነው፣ ሲናገር ግን እጁ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ነው።

"እማማ፣ ይህ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ይባላል" አለኝ። "አእምሮ ሌላ ነገር በማየት ሲጠመድ ሕመሙን የሚሰማበት ጊዜ ያጣል።"

"እንደ ሕክምና ቤታችሁ ዳይሬክተር ማለት ነው" አልኩት።

አጠገቡ የቆመችው ሲስተር ሳቋን ለመደበቅ ማስኳን ወደ ላይ ሳብ አደረገች።

የመጀመሪያዋ ተረኛ አንጓች ነበረች። አንጓች ደጋ ተወልዳ ደጋ ያደገች ሴት ናት፤ ካየችው ውሃ ሁሉ ትልቁ በክረምት የሚሞላው የመንደሯ ጅረት ነው። መነጽሩን ሲያስሩላት ባሕር መሐል አቆሟት። ከእግሯ ሥር ውሃ፣ ከግራዋ ውሃ፣ ከቀኟ ደግሞ ቤት የሚያክል ዓሣ። "ወሰደኝ፣ ወሰደኝ" ብላ እጇን ዘረጋችና የናሆምን ጺም ያዘች። የዛፍ ሥር መስሏታል። ልጁ እያለቀሰ ሦስት ሰው ሆነን አላቀቅነው።

"ሕመሙስ እንዴት ነው?" አለቻት ሐኪሟ፣ አንጓች ትንፋሿ ሲመለስ።

"የቱ ሕመም? ልሞት ነበር እኮ።"

ናሆም አገጩን እያሻሸ ለጓደኛው "ረስታዋለች፤ ይሠራል" ሲል ሰማሁት።

ትርንጎን ከባሕሩ ይሻላል ብለው ባሕሩ ዳር አስቀመጧት። ዳሩ ላይ ደግሞ ሰዎች አሉ። ትርንጎ ወዲያው መነጽሩን አውልቃ እኔን እያየች ፊቷ ቀላ። ምን አየሽ ብዬ እኔ አጠለቅኩት። ነጫጭ ሰዎች አሸዋ ላይ እንደሚደርቅ በርበሬ ተዘርግተዋል፤ የለበሱት ጨርቅ ቢሰበሰብ አንድ መሐረብ አይሞላም። "እነዚህን ሰዎች ማን ዘረፋቸው?" አልኩ። ናሆም ለመዝናናት የመጡ ናቸው አለኝ። ከመዝናናቱ በፊት የሚያለብሳቸው ቢገኝ ጥሩ ነበር።

ሴቶቹ ከዚያ ወዲያ እምቢ አሉ። ሕክምና ቤቱ ስብሰባ ተቀመጠ። ውሃና ቆሎ የቀረበበት፣ ዳይሬክተሩ የመሩት ስብሰባ ነው። መነጽሩ ለሌላ ከተማ ሊሄድ እንደሆነ ስለሰማሁ በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ፤ በሩ ቀጭን ነው። የተወሰነው "ይዘቱ አገርኛ ይሁን" የሚል ነበር። ናሆምና ጓደኛው ካሜራቸውን ይዘው ወጡ፤ ሲመለሱ ሙሽራ ያጀቡ ነበር የሚመስሉት።

"ለጎንደር ሰው ከዚህ የበለጠ ጸጥታ የለም፤ አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አነሣን" አሉ። "ጥዱ፣ ወይራው፣ ወፉ፣ የውስጡ ሥዕል፣ የካህናቱ ዜማ፣ ሁሉም አለ።"

ለልጄ የሚደረገውን መጀመሪያ እኔ ላይ ሞክሩት ብዬ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ሸጋ ነበር። በሩ ፊቴ ላይ ቆሟል፤ ዜማው ከውስጥ ይመጣል። እኔ ሕክምና ቤት መሆኔን ረሳሁት። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ተነሣሁ፣ ጎንበስ አልኩ፣ የበሩን መቃን ተሳለምኩ። መቃኑ ለስላሳ ሆነብኝ፤ ሞቅም ይላል። ቀና ብዬ ደግሜ ልሳለም ስል መቃኑ እህህ ብሎ ሳለ። ዳይሬክተሩ በቅርብ ሊያዩኝ መጥተው ኖሮ ሆዳቸውን ነው የተሳለምኩት።

ዳይሬክተሩ ግን አልተቆጡም፤ እንደውም ደስ አላቸው። "ይህ ነው ስኬት" ብለው አጨበጨቡ፤ የቆመው ሁሉ አብሮ አጨበጨበ።

ከዚያ ትርንጎ ገባች። ማለት፣ አልገባችም። መነጽሩ ገና ከመታሰሩ በሁለት እጇ ነቅላ ጣለችው።

"ምነው፣ አመመዎት?" አላት ናሆም።

"አመመኝማ። የመጣሁት አሞኝ አይደል እንዴ? በዚህ ቀኔ እንዴት ነው የምገባው?"

"የትም አይገቡም እኮ፤ ወንበር ላይ ነዎት።"

"የት እንዳስገባኸኝ አየሁት።"

ናሆም ወደ ጓደኛው ዞረ፤ ጓደኛው ወደ ግድግዳው ዞረ። ሲስተሯ ጠጋ ብላ በናሆም ጆሮ አንድ ነገር ነገረችው። ጆሮው ሲቀላ ከጺሙ በላይ ያለው ሁሉ ተከተለው። አንጓች ከወንበሯ ሆና "እኔ ከዚህስ ባሕሩ ይሻለኛል" አለች።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ለእኔ እንኳ ከዘገየ በእነሱ ብዙም አልፈርድም። እኔ የወር ነገር ከተወኝ ስለቆየ ዘው ብዬ ገባሁ። መነጽሩ ግን ለእኔ አልመጣም። የመጣው በሕመማቸው ቀን ለሚታጠፉ ሴቶች ነው። የሕመማቸው ቀን ደግሞ የወራቸው ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ደግሞ የእኛ አገር ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ነው የምትሳለም። እንግዲህ ጎንደርን ዙረው ዙረው፣ ታማሚዎቹ በታመሙበት ቀን የማይረግጡትን አንድ ቦታ መርጠው አመጡ። ያነሡት ወንዶች፣ ያጸደቁት ወንዶች፣ ያጨበጨቡት ወንዶች። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ እሱን አልክድም።

ሌላ ስብሰባ፣ ሌላ ቆሎ። አሁን የተወሰነው አባት ይጠየቁ የሚል ነው። የነፍስ አባቴን መምሬ አድማሱን ይዤ መጣሁ። መምሬ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በከዘራ እየተደገፉ ነው የገቡት። ነገሩን ስናስረዳቸው "ሳላይ አልናገርም" አሉና መነጽሩን አጠለቁ።

መምሬ ገቡና ቀሩ። መጀመሪያ "ይህ ሥዕል ምነው እንዲህ ጢስ በላው?" አሉ። ቀጥለው ለስለስ ባለ ድምፅ ከካህናቱ ጋር ዜማውን ይቀበሉ ጀመር። ናሆም "አባ፣ ይበቃል" ቢል አልሰሙትም። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። ሐኪሟ በመጨረሻ ቀስ ብላ ስታወልቅላቸው እንደተቀሰቀሰ ሰው ዙሪያቸውን አዩና "ጉልበቴን ረስቼው ነበር" አሉ።

"እንግዲህ አባ፣ ምን ይላሉ?" አሉ ዳይሬክተሩ።

"ሥዕል ነው። ሥዕል በየቤቱ ግድግዳ ላይ አለ። ሴት በልማዷ ጊዜ ከቤቷ ትወጣለች? አትወጣም። ቢያዩት ኃጢአት የለበትም።"

ዳይሬክተሩ "ተፈቅዷል" ብለው ሊነሡ ሲሉ፣ እኔ ዓይኔ ወደ ታች ሄደ።

"መምሬ፣ ሥዕል ከሆነ እርስዎ ጫማዎን ምነው አወለቁ?"

መምሬ ጎንበስ ብለው ባዶ እግራቸውን አዩ። መቼ እንዳወለቁት አያውቁም። ጫማቸው ወንበሩ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ከዚያ ሳቁ፤ ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"እንግዲህ እግሬ ከአፌ ቀድሞ ፈርዷል። አላስገድዳቸውም" አሉ።

አሁን መነጽሩ መሄዱ ነው ብዬ ሳዝን፣ ጥግ ላይ ተጠቅልላ የነበረችው ትርንጎ ቀና አለች።

"እኔ እኮ ልግባ አላልኩም" አለች። "ደጅ ብታስቀምጡኝ ምን አለበት? በዚህ ቀኔ ከቅጥሩ ውጭ፣ ዛፉ ሥር ነው የምቀመጠው። እዚያ ሌሎችም አሉ። እዚያም ያመኛል፤ ግን ምን ሆንሽ የሚለኝ የለም። ሁሉም ያውቃል።"

ናሆም ካሜራውን አንሥቶ ሮጠ። ትምህርት የገባው ሰው እንዲህ ሲሮጥ ደስ ይላል። ይዞት የመጣው ከቅጥሩ ውጭ ያለው የዛፍ ጥላ ነው። ዜማው ከሩቅ ይሰማል፣ በሩ ተዘግቶ ይታያል፣ ነጠላቸውን የተከናነቡ ሴቶች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መሐል ላይ ግን አንዲት ሴት ወደ ካሜራው ዞራ "አንተ ጺማም፣ ይህ የሴቶች ቦታ ነው፤ እቃህን ይዘህ ፈቀቅ በል" ትለዋለች። ናሆም እዚያ ቦታ ላይ ሊቆርጠው ነበር። ታማሚዎቹ ከቆረጥከው አናይም አሉት። ቀረ። መነጽሩን ያጠለቀች ሴት ሁሉ እዚያ ላይ ስትደርስ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ ሐኪሟም የሚያሽለው ዛፉ ይሁን ስድቡ ገና አልታወቀም ትላለች።

ትርንጎ አንድ ቀን ካወለቀች በኋላ ለቀቀሽ ወይ ስላት "አለ፤ ግን ከማዶ ነው ያለው" አለችኝ። ትከሻዋ ተፍታቶ ያየሁት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ብጨርስ መልካም ነበር። ነገር ግን ዳይሬክተሩ እንግዳ ጠሩ። መነጽሩ ለሕክምና ቤቱ እንደሚቀር ሊያበስሩ ድንኳን ተተከለ፤ ካሜራ መጣ፤ ዳር ላይ የተከደነ ሳህን ተደረደረ፤ የዶሮው ሽታ ንግግሩን ቀድሞ እንግዶቹ ዘንድ ደረሰ። ዳይሬክተሩ ተናገሩ፣ ተናገሩ፣ ከዚያ እንዲህ አሉ፦ "የመነጽሩ ተጠቃሚዎች ሕመማቸው ስለተቃለለላቸው፣ የቀዶ ሕክምና ተራቸውን ወደ ኋላ በማሸጋሸግ ክፍሉን ለሌሎች ማዋል ይቻላል።"

እንግዶቹ አጨበጨቡ። የትርንጎ እጅ እጄን ጨመቀው። አንጓች ከወዲያ በኩል "ምን አሉ?" ብላ ጠየቀች፤ ማንም አልነገራትም።

እኔ ተነሣሁ። "ዳይሬክተር፣ እንግዶቹ መነጽሩን ሲሠራ አላዩትም። እርስዎ አጥልቀው ቢያሳዩስ?" አልኩ። ካሜራው ወደ እሳቸው ዞረ፤ ካሜራ ሲዞርባቸው እምቢ የሚሉ ሰው አይደሉም። ናሆም አሰረላቸው።

"ምን ይታይዎታል?"

"ዛፉ፣ ደጁ፣ እናቶች። በጣም ግሩም ነው።"

"ተመችቶዎታል?"

"ፍጹም ሰላም ነው እማማ።"

"እንግዲህ እዚያው ይቆዩ። ሰላም ስላገኙ ምሳዎን ወደ ኋላ አሸጋሽገን ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን።"

ድንኳኑ ሳቀ። እሳቸውም እየሳቁ መነጽሩን ለማውለቅ እጃቸውን ሰደዱ።

"ምነው ያወልቃሉ? አይበቃም እንዴ?" አልኳቸው። "ረኃብዎ አለ ማለት ነው። በልጆቹ ሆድ የበቀለውም ሥጋ እዚያው አለ። መነጽሩ ሆድ የማይሞላ ከሆነ ሥጋም አይቆርጥም። ሕመሙን ከማዶ አድርጎ ማቆየቱን እንወድለታለን፤ ተራችንን ግን እሱ አልበላውም።"

ዳይሬክተሩ ሲያወልቁ የመነጽሩ ጠርዝ ግንባራቸው ላይ ቀይ መስመር ትቶ ነበር። ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እማማ፣ የእርስዎን ልጅ በዚህ ሳምንት እናስገባታለን፤ አሁን ይቀመጡ" አሉኝ።

ትርንጎ ሰማች። ዓይኗን አየሁት። ቀጥሎ ያየሁት የአንጓችን ዓይን ነው፤ እስካሁንም ምን እንደተባለ አልገባትም።

"አንጓች ትቀድማለች" አልኩ፤ በሹክሹክታ መናገር አልችልበትም፤ ድንኳኑ ሁሉ ሰማኝ። "ከአንጓች በፊት ያሉትም ይቀድማሉ። የእኔ ልጅ በተራዋ።"

ዳይሬክተሩ በካሜራው ፊት ተራው እንደነበረ ይቀጥላል ከማለት ሌላ መውጫ አልነበራቸውም።

ባጃጅ ውስጥ ትርንጎ እስከ ቀሐ ድረስ አላናገረችኝም። ስንወርድ ብቻ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ "ፍትሑ ያንቺ እምዬ፣ ሕመሙ ግን የኔ" አለች።

አንጓች ቀዶዋን አድርጋ፣ ድና፣ ወደ አገሯ ገባች። ከዚያ የትርንጎ ተራ ደረሰ። ነጭ ጋወን አልብሰው፣ አልጋ ላይ አጋድመው፣ ቀዶ ክፍሉ በር ላይ አስጠጓት። እንደዚያ ሳለን አንዲት ወፍራም ቦርሳ የያዘች ሴትዮ ስልኳን እያሳየች መጣች። ትልቅ ሰው ደውሎላታል፤ ዛሬ ትግባ ተብሏል። ሲስተሯ ግራ ገብቷት ስልኩንም በሩንም ታያለች። እኔ አፌን ስከፍት ትርንጎ ቀደመችኝ። ከአልጋዋ ላይ በክርኗ ተነሣች፣ ያንን ጠዳ የሚታወቀውን ድምፅ አወጣች፦

"እትዬ፣ እርስዎ ከኋላዬ ነዎት።"

ኮሪደሩ ሁሉ ዞረ። ሴትዮዋ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሲስተሯ አልጋውን ወደ ውስጥ እየገፋች "ይህቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?" ብላ ወደ እኔ አየች።

እኔ ጣሪያውን አየሁ።